በሲሙሌሽን ማስተማርና በሲሙሌሽን መመዘን፦ ለክሊኒክ መምህራን የሚሆን አሠራር

ድሬዳዋ ላይ አዋላጅ ነርሶችን የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ተማሪዎቹ በማዋለጃ ክፍል ሲመደቡ ጤናማ ወሊድ በብዛት ያያሉ። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያለች እናት ግን እነርሱ በተመደቡበት ሳምንት ላትመጣ ትችላለች፤ ብትመጣም በዚያች ሰዓት ሥራውን የሚይዙት ነባር ባለሙያዎች ስለሚሆኑ ተማሪው ግድግዳ ተደግፎ ከማየት ያለፈ ድርሻ አይኖረውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ይኸው ተማሪ ተመርቆ ከከተማ በራቀ ጤና ጣቢያ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሲሆን ግን ያንኑ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ እንዲወጣው ይጠበቅበታል። ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ሁኔታ አስመስሎ አዘጋጅቶ ማለማመድ፣ የሚያስፈልገው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ከዚህ በታች የማቀርበው በድሬዳዋም በሐረርም ባለፍኩባቸው ስኪል ላቦች (የክህሎት መለማመጃ ክፍሎች) ስሠራበትና ሳሻሽለው የቆየሁትን አሠራር ነው። ምሳሌዎቼ ከአዋላጅነት የተወሰዱ ቢሆኑም ነርሶችን ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን የሚያስተምር፣ ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚያሠለጥን ሰው ለራሱ ሙያ ሊያመቻቸው ይችላል። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው፣ ለማስተማር የሚዘጋጅ ሲሙሌሽንና ለመመዘን የሚዘጋጅ ሲሙሌሽን በመልክ ቢመሳሰሉም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። በመጀመሪያው ተማሪው እንዲሳሳት ይፈለጋል፤ በሁለተኛው ስህተቱ ይቆጠርበታል። ስህተቱ እንደሚቆጠርበት የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ የሚያውቀውን ብቻ ያሳያል፣ የማያውቀውን ሸፍኖ ይወጣል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ባስተማርኩበት አንድ ተቋም ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሳለማምድበት የቆየሁትን ሲናሪዮ (ለልምምድ የተጻፈ የበሽተኛ ታሪክ)፣ ከነሞዴሉ (የሰው አካል ምስል) እና ከነቼክሊስቱ (መሠራት ያለባቸው ነገሮች ዝርዝር)፣ እንዳለ ፈተና አድርጌ አቀረብኩት። ተማሪዎቹ ቼክሊስቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውት ስለነበር «እጄን ታጥቤያለሁ፣ ጓንት አድርጌያለሁ፣ እርዳታ ጠርቻለሁ» እያሉ ወረዱት፤ ነጥቡም አማረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ማዋለጃ ክፍል ስንገባ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት አንዷ ማህፀኑን የት ላይ ይዛ እንደምታሽ ግራ ገብቷት ሆድ ላይ እጇን ስታንከራትት አየኋት። የሰጠኋት ነጥብ የቃል ጥናቷን የለካ ነበር።

የሲሙሌሽን ሐሳብ ራሱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ አብራሪዎች ከመሬት ሳይነሱ የሚለማመዱበትን መሣሪያ ሠራ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሚሠለጥኑበት ምስለ በረራ የዚያ ዘር ነው። በሕክምናው በኩል ደግሞ ትንፋሽና ልብ ማነቃቃትን ለመለማመድ የሚያገለግለው ታዋቂው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራው አስሙንድ ላርዳል በተባለ ኖርዌያዊ አሻንጉሊት አምራች ነው። ይህን የማነሳው የዋጋ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። በየስብሰባው «ሞዴል ስለሌለን ሲሙሌሽን አልጀመርንም» ሲባል እሰማለሁ፤ በሌላ በኩል ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሞዴል በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ላስቲኩ ሳይገለጥ አቧራ ለብሶ አይቻለሁ። ዋናው ጥያቄ ተማሪው በልምምዱ ውስጥ አንድ ነገር እንዲወስን ይገደዳል ወይስ አይገደድም የሚለው ነው።

ዓላማውንና ሲናሪዮውን መጻፍ

በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ዓረፍተ ነገር ተማሪው በመጨረሻ ምን ሲሠራ መታየት እንዳለበት የሚናገር ይሁን። «ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ ይገነዘባል» የሚለው ለክፍል ትምህርት ያገለግል ይሆናል፤ መገንዘብ በዓይን ስለማይታይ ግን ለሲሙሌሽን አይሆንም። «የደም መፍሰሱን አውቆ ሰው በስሙ ጠርቶ እርዳታ ይጠይቃል፣ ማህፀኑን ያሻል፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ይሰጣል፣ የደሙን ምንጭ ይፈልጋል» የሚለው ይታያል። ለአንድ ሲናሪዮ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓላማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት ይበታተናል።

ሲናሪዮው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ነገር ግን ተማሪው አንድን ነገር ሲያደርግና ሳያደርግ የእናቲቱ ሁኔታ እንዴት እንደሚለወጥ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ፦ ሦስተኛ ልጇን ከ20 ደቂቃ በፊት የወለደች የ26 ዓመት እናት፣ የእንግዴ ልጁ የወጣ፣ የልብ ምት 96፣ የደም ግፊት 110 በ70። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ማህፀኑ ካልታሸ የልብ ምቱ ወደ 124 ይወጣል፣ ግፊቱ ወደ 90 በ50 ይወርዳል፣ እናቲቱም «ጨለመብኝ» ትላለች። ታሽቶ ኦክሲቶሲን ከተሰጠ ማህፀኑ ይጠነክራል፤ ደሙ ግን ፊኛዋ ሽንት እስካልተወገደለት ድረስ በመጠኑ ይቀጥላል። ይህ ካልተጻፈ መምህሩ በቦታው ላይ ቁጥር ይፈጥራል፤ ለአንዱ ቡድን ራርቶ፣ በሌላው ላይ ጨክኖ ያርፈዋል።

ሲናሪዮው የአካባቢውን እውነት ይያዝ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ትሮሊ (ተገፊ የመድኃኒት ጠረጴዛ) ላይ የዋለ አምፑል፣ ማለትም የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ጉልበቱ ሊያንስ ይችላል። እኔ በአንዱ ሲናሪዮ ውስጥ መብራት ጠፍቶ እንደዋለ አድርጌ አምፑሉን ትሮሊው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ «ይህ መድኃኒት የት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ እስኪገኝ ድረስ ምንም አልናገርም። በሌላው ደግሞ እናቲቱ ከድሬዳዋ ገጠር ከቢዮ አዋሌ በሪፈር የመጣች ናት፣ ወረቀቷ ላይ የወለደችበት ሰዓት አልተጻፈም። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ መጠኑ 1 ግራም የሆነው፣ መሰጠት ያለበት ከወሊዱ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ተማሪው ሰዓቱን ከአስታማሚዋ ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል። አስታማሚዋን ሆና የምትጫወተው ባልደረባዬ ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ትናገራለች። አማርኛ ብቻ የሚችለው ተማሪ አስተርጓሚ ለማግኘት ምን እንደሚያደርግ ማየት በዚህ ከተማ ለሚሠራ ሰው የሥራው አንድ ክፍል ነው።

በሽተኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ማሠልጠን የጀመረው ሐዋርድ ባሮውስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1963 ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚስማማው ሰውንና ሞዴልን ማጣመር ነው፦ አንዲት ባልደረባ አልጋው ላይ ጋደም ትላለች፣ የሆድና የማህፀን ሞዴሉ እላይዋ ላይ ይታሰራል፣ በአንሶላ ይሸፈናል። ተማሪው ከሞዴል ጋር ብቻ ሲሆን ስለ እናቲቱ ያወራል፤ ከሰው ጋር ሲሆን እናቲቱን ያናግራል። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይታያል።

ስለ ደሙ ጥቂት ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የተሸጠ ሰው ሠራሽ ደም አያስፈልግም፤ ከድሬዳዋ ገበያ የሚገዛ ከርከዴ ወፍሮ ተፈልቶ፣ ጥቂት የበቆሎ ዱቄት ተበጥብጦ ገብቶበት ሲቀዘቅዝ ለዓይን ይበቃል። ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ ስለማይለቅ ለዚህ የሚውለው አንሶላ ያረጀ ይሁን። ከዚያ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ልክ ቀድተው በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ያፍስሱትና ተማሪዎቹ መጠኑን ገምተው በየወረቀታቸው እንዲጽፉ ያድርጉ። በዓይን የሚገመት ደም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ጨርቅ ሲጠጣው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ከዚያ በኩሽና ሚዛን ያሳዩአቸው። ደረቁ ጨርቅ 80 ግራም፣ የራሰው 430 ግራም ከሆነ ልዩነቱ 350 ግራም ነው፤ አንድ ግራም ደም በግምት አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ እናቲቱ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሷታል ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ 500 ሚሊ ሊትር የአደጋ መስመር መሆኑን ተማሪው ከደብተሩ ያውቀዋል፤ ያ መጠን አንሶላ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ልምምዱን መምራት

ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደው ደንቡን ይንገሩ። ሞዴሉ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ መድኃኒቱና ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የት እንዳሉ፣ ማን የትኛውን ሚና እንደሚይዝ ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ፤ ትንፋሽ የማይሰማበት ሞዴል ላይ ትንፋሽ ሲፈልግ ደቂቃው ማለቅ የለበትም። በእኔ ክፍል የማይታለፍ አንድ ደንብ አለ፦ በአፍ የተባለ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እጁን የሚታጠብ ይታጠባል፣ ካኑላ የሚከፍት ይከፍታል፣ ግሉኮስ የሚያንጠለጥል ያንጠለጥላል። በዚህ ክፍል የታየ ስህተት ካፌ ውስጥ እንደማይወራም በዚሁ ጊዜ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ለመምህሩ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ግድግዳው አጠገብ እቆማለሁ፣ አለዚያ ወደ ሞዴሉ ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። የቡድን ውሳኔ የሚጠይቅ ሲናሪዮ ሲሆን ቢሳሳቱም እስከ መጨረሻው እንዲሄዱ መተው ያስፈልጋል፤ የእጅ ሥራ ብቻ ሲሆን ግን በቦታው አስቁሞ ወዲያው ማስደገም ይሻላል። አዲስ የተወለደ ሕፃንን በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት፣ ማስተንፈስን እንውሰድ። ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ መሰጠት ሊጀመርለት ይገባል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 40 ያህል ነው። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጭምብሉን አጥብቆ ሲጫን የሕፃኑን አገጭ ወደ ደረቱ በማጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ ባጉ ይጨመቃል፣ ደረቱ ግን አይነሳም። በዚያች ቅጽበት «ቁም፣ ደረቱን እይ» ብሎ አስቁሞ፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ደረቱ ሲነሳ ራሱ እስኪያይ አምስት ጊዜ ማስደገም ከሥራው በኋላ ከሚሰጥ ረጅም ማብራሪያ የበለጠ ይጠቅማል።

ውይይቱ

ሲናሪዮው አሥር ደቂቃ ከፈጀ ውይይቱ ሃያ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይውሰድ። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ክፍል መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ተማሪው በሞዴሉ ላይ የሠራውን ወደ እውቀት የሚለውጠው እዚህ ተቀምጦ ነውና። ወንበሮቹን በክብ ያድርጉ፣ መምህሩም ከመካከላቸው ይቀመጥ፣ ውይይቱም ከሞዴሉ ርቆ በሌላ ጥግ ይሁን።

በመጀመሪያ ስሜታቸውን እንዲተነፍሱት ይተዉአቸው፤ ልቡ ገና እየመታ ያለ ሰው ማብራሪያ አይሰማም። ቀጥሎ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እነርሱ ይናገሩ፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ አራቱ ተማሪዎች አራት የተለያየ ታሪክ ያወራሉ፣ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ ወደ ለምን ይገባል። «ለምን ቶሎ አላሸሽም?» የሚለው ጥያቄ ክስ ስለሆነ መልሱ «ይቅርታ» ብቻ ይሆናል። ያዩትን ነገር መጀመሪያ ተናግሮ፣ ያሳሰብዎትን ጨምሮ፣ ከዚያ ሐሳቧን መጠየቅ ሌላ በር ይከፍታል፦ «ደሙ መጨመሩን ካየሽ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ካኑላው ላይ ቆየሽ፤ ማህፀኑን የሚያሽ ሰው ስላልነበረ አሳሰበኝ፤ በዚያን ሰዓት ምን እያሰብሽ ነበር?» አንድ ጊዜ ይህን ስጠይቅ ተማሪዋ «ዶክተሩ ካኑላ ክፈቺ ስላለኝ ሌላ መንካት የሚቻል አልመሰለኝም» አለችኝ። ችግሯ እውቀት አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። በቼክሊስት ላይ ሁለቱም ያው ባዶ ሳጥን ናቸው።

ይሉኝታ በእኛ ክፍሎች ውስጥ ትልቅ ቦታ ስለያዘ ሆነ ብዬ የማለማምደው ነገር ነው። ሲኒየር ሆኖ የሚተውነው ባልደረባ በመካከሉ የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ በአክብሮት ግን በግልጽ ይቃወሙት እንደሆነ እናያለን፣ በውይይቱም ትእዛዙ የተዘጋጀ እንደነበር እንነግራቸዋለን። ይህን በፈተና ላይ ማድረግ ግን ወጥመድ ነው፣ አይደረግም። የትእዛዝ አሰጣጥም በዚሁ ይታረማል፦ «አንድ ሰው ኦክሲቶሲን ያምጣ» ሲባል ማንም አይሄድም፤ ስም ተጠርቶ፣ መጠኑ ተነግሮ፣ ተቀባዩም ትእዛዙን ደግሞ ተናግሮ ሲሄድ መድኃኒቱ ይመጣል።

ውይይቱ ሲያልቅ ያንኑ ሲናሪዮ ወዲያው ያስደግሙ። ጊዜ ከጠበበ ሁለት የተለያዩ ሲናሪዮዎችን አንድ አንድ ጊዜ ከማሠራት አንዱን ሁለት ጊዜ ማሠራትን እመርጣለሁ።

ሲመዝኑ

የምዘና ሲሙሌሽን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሲናሪዮ፣ ቢቻል በሌላ መምህር ይካሄድ። ለዚህ በብዙ አገር የሚሠራበት መንገድ ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ከስኮትላንዷ ዳንዲ ያስተዋወቀው፣ ተማሪዎች በደወል ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚፈተኑበት፣ ተማሪዎቻችን ኦስኪ የሚሉት ነው። የዚህ ዘዴ ጉልበት ከጣቢያዎቹ ብዛት ይመጣል። በአንድ ጉዳይ ላይ ጎበዝ የሆነ ተማሪ በሌላው ላይ ሊደክም ስለሚችል በአንድ ረጅም ጣቢያ ከመፈተን በብዙ አጫጭር ጣቢያዎች መፈተን ትክክለኛውን መልክ ያሳያል። ስምንት ጣቢያ በሰባት ሰባት ደቂቃ፣ ለመዘዋወሪያ አንድ ደቂቃ ቢጨመር፣ ስምንት ተማሪዎች በ64 ደቂቃ ያልቃሉ፤ 32 ተማሪዎች ካሉ አራት ዙር ሆኖ 4 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይፈጃል። ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከተጀመረ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚፈተነው ተማሪ የሚፈተነው በሙቀቱ ነው። የተፈተኑት ካልተፈተኑት ጋር እንዳይገናኙ ተራ የሚጠብቁት በሌላ ክፍል፣ ስልካቸው ተሰብስቦ ይቀመጡ። የትኞቹ ጣቢያዎች አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋቸውም አስቀድሞ ይነገር፤ ቋንቋ የሚመዘን ካልሆነ ቋንቋ ማንንም ሊጥል አይገባም።

ቼክሊስቱ ከ20 ነጥብ ባይበልጥ ይሻላል፤ ፈታኙ ወረቀት ሲያነብ ተማሪውን አያይም። ከነጥቦቹ መካከል ሳይሠሩ ከቀሩ ሌላው ሁሉ ቢሟላም የሚጥሉ ወሳኝ ነጥቦች ተለይተው ይታወቁ፣ ተማሪዎቹም አስቀድመው ይወቋቸው። ደም እየፈሰሰ ማህፀኑን ያልነካ ሰው እጁን በጥሩ ሁኔታ ስለታጠበ ማለፍ የለበትም።

የማለፊያ ነጥቡስ ከየት ይመጣል? 50 ከመቶ የሚለው ልማድ ለከባድ ጣቢያም ለቀላል ጣቢያም አንድ ስለሆነ ፍትሐዊ አይደለም። ቀላሉ መንገድ ፈታኙ ቼክሊስቱን ከሞላ በኋላ፣ ነጥቡን ሳይደምር፣ ስለ ተማሪው አጠቃላይ ፍርዱን እንዲጽፍ ማድረግ ነው፦ ብቁ፣ ድንበር ላይ ያለ፣ ብቁ ያልሆነ። ድንበር ላይ የተባሉት ተማሪዎች ያገኙት ነጥብ 11፣ 12 እና 13 ቢሆን አማካዩ 12 የዚያ ጣቢያ ማለፊያ ይሆናል። በተግባር ግን ድንበር ላይ የሚሆኑት ተማሪዎች ከሦስት በላይ ቢሆኑ ይመረጣል፤ በትንሽ ክፍል አማካዩ ይዋዥቃል። ከፈተናው ቀን በፊትም ፈታኞቹ አንድ የተቀረጸ ልምምድ አብረው አይተው ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ልዩነታቸው ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በቼክሊስቱ አጻጻፍ ላይ ነው። «ማህፀኑን በአግባቡ ያሻል» ከሚለው ይልቅ «ከእምብርት በታች እጁን አሳርፎ ማህፀኑ እስኪጠነክር ያሻል» የሚለው ሁለት ሰዎችን ያስማማል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ጆርጅ ሚለር የሙያ ብቃትን በአራት እርከን ከፍሎ አስቀምጦታል፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በሥራ ላይ መሥራት። ኦስኪ የሚደርሰው እስከ ሦስተኛው ድረስ ነው። አራተኛውን ለማየት በማዋለጃ ክፍል ከአጠገቡ ቆሞ ደጋግሞ ማየት እንጂ አቋራጭ የለም፤ ስለዚህ የኦስኪ ውጤትን ለብቻው የብቃት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይገባም።

አሠራር የሚመዘንበት ልምምድ

ሦስተኛ ዓይነት ልምምድ ደግሞ አለ፣ ሰው ሳይሆን የሥራ ቦታው የሚፈተንበት። ድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ኖሮ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከ200 በላይ ሰው በሞተበት ጎርፍ አይታለች። እንዲህ ላለው ነገር ሞዴልም አልጋም አያስፈልግም፤ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች በካርታ ዙሪያ ተቀምጠው «ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ድልድዩ አያሻግርም፣ በአንድ ጊዜ 40 ቁስለኛ መጣ፤ ማን ማንን ይጠራል?» ተብለው ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ለማንም ነጥብ አይሰጥም፤ የሚጻፈው የጎደለው ነገር ነው።

በዚሁ መንገድ የደም መፍሰሱን ሲናሪዮ ከስኪል ላቡ አውጥቶ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ መውሰድ ይቻላል። የክፍሉ ኃላፊ ፈቅዳ፣ የምትወልድ እናት በሌለችበት ሰዓት፣ የልምምዱ መድኃኒት ከእውነተኛው ጋር እንዳይቀላቀል «ለልምምድ» ተብሎ ተጽፎበት ይሠራል። በአንድ ጤና ተቋም ይህን ሌሊት ስናደርግ ተረኞቹ ሁሉንም በትክክል ጀመሩ፣ ኦክሲቶሲኑ ግን በተቆለፈ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ ቁልፉም ቀን ሠርታ ወደ ቤቷ በሄደች ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ። በማግስቱ ከፍሪጁ ጎን ሚስማር ተመቶ ሁለተኛ ቁልፍ ተሰቀለ። ከወር በኋላ ያለ ማስታወቂያ ስንደግመው ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የጠፋው ሲሪንጅ ሆኖ ተገኘ።